ዓሣ ነባሪ ቢቀርብላችሁ ትበላላችሁ? ኖርዌይ ያላችሁ ግቡማ

ቤርገን_ዝናብ፦

ሰላም የቤቱ ልጆች። አንድ ነገር ልጠይቃችሁ፣ መሳቅ ይፈቀዳል። ለቅዳሜ የሥራ ባልደረባዬ ቤቷ እራት ጠርታኛለች። ጥሩ ሰው ናት። አዲስ የመጣሁ ጊዜ ቋንቋ ሳልችል አጠገቤ ቆማ ሥራ ያስለመደችኝ እሷ ናት። ትናንት በሻይ ሰዓት "ዓሣ ነባሪ እሠራልሻለሁ፣ በልተሽ አታውቂም አይደል?" አለችኝ። እኔም ፈገግ ብዬ ዝም አልኩ። ዝምታዬን እሺታ አድርጋ ወሰደችው።

ሥጋውን ከተማው ዓሣ ገበያ ሳልፍ አይቼዋለሁ። ከሳልመኑ ጎን በፕላስቲክ ታሽጎ ይቀመጣል። ጥቁር ቀይ ነው፣ የበሬ ጉበት ነው የሚመስለው። ሻጩ ለቱሪስት በስቴኪኒ እየወጋ ያስቀምሳል። አንዱ ጎርሶ ካላመጠ በኋላ ምን እንደሆነ ሲነግሩት ፊቱ ሲለዋወጥ አይቼ በሳቅ ሞቼ ነበር። ይኸው ተራው ደረሰኝ።

የጨነቀኝ ግን መብላቱ ብቻ አይደለም። ባለፈው ሥራ ቦታ ስለ አደኑ ሲወራ "ለምን ትገድሉታላችሁ?" ያልኩት እኔ ብቻ ነበርኩ። አንዱ "እናንተ ጥሬ ሥጋ ትበሉ የለ እንዴ?" ብሎ አፌን አስያዘኝ። ሁሉም ሳቀ፣ እኔም መልስ አጥቼ አብሬ ሳቅኩ። መልስ ያላችሁ እስቲ።

ነገረኛው፦

ሰውየው ልክ ነው። አርብ ማታ ቁርጥ ቤት ተሰልፈን ቅዳሜ ለዓሣ ነባሪ እናለቅሳለን? ኖርዌዮቹ የሚያድኑት ሚንኪ የሚባለውን ትንሹን ዝርያ ነው፣ በሰሜን ምሥራቅ አትላንቲክ ብቻ ከ100,000 በላይ አለ። የሚጠፋ ነገር የለም። ደግሞ ዛሬ አትግደሉ ብለው የሚሰብኩት አሜሪካና እንግሊዝ ትናንት በዓሣ ነባሪ ዘይት ፋኖስ ሲያበሩ የኖሩ ናቸው። ነዳጅ ሲያገኙ አዘኑለት። ብዪ እህቴ፣ ጣፍጦሽ ከመጣሽ ንገሪን።

ወለተ_ኪዳን፦

እኔ በአጭሩ ልገላግልሽ። ኦሪት ዘሌዋውያን በውኃ ካለው ክንፍና ቅርፊት ያለውን ብሉ ይላል። ዓሣ ነባሪ ቅርፊት የለውም፣ ጡት የሚያጠባ እንስሳ ነው። "ሃይማኖቴ አይፈቅድልኝም" በያት፣ ፈረንጆች ይህን ያከብራሉ። በዚያ ላይ ነቢዩ ዮናስን ሦስት ቀን በሆዱ ያስቀመጠ ባለውለታችን ነው። ነነዌን እየጾሙ እሱን መብላት አይከብድም?

ነገረኛው፦

ትንቢተ ዮናስ ላይ "ታላቅ ዓሣ" ነው የሚለው።

ወለተ_ኪዳን፦

ማቴዎስ 12 ላይ "ዓሣ አንበሪ" ይላል። አንብብ።

አወያይ፦

ወደ ጥያቄው እንመለስ እባካችሁ።

ጋሽ_መምህር፦

ልጄ፣ መልሱን ጥሬ ሥጋው ላይ አትፈልጊው። መልሱ ያለው ቁጥሩ ላይ ነው። እኔ ባዮሎጂ ሳስተምር አርጅቼ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ፣ ከረዘመ ታገሡኝ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ድሮ ዓሣ ነባሪ የሚታደነው በቀዘፋ ጀልባ ተጠግቶ ጦር በእጅ በመወርወር ነበር። ሰማያዊው ዓሣ ነባሪና ፊን የሚባለው በጣም ፈጣን ስለሆኑ ያመልጣሉ፣ ቢሞቱም ይሰምጣሉ። በ1870 ስቬንድ ፎይን የተባለ ኖርዌጂያዊ ከመድፍ የሚተኮስ፣ ሰውነት ውስጥ ገብቶ የሚፈነዳ ጦር ሠርቶ የፈጠራ መብት አወጣበት። በእንፋሎት መርከብ ላይ ሲጠመድ ማምለጥ ቀረ። በ1904 ላርሰን የሚባል ሌላ ኖርዌጂያዊ ደቡብ ጆርጂያ ደሴት ላይ ግሪትቪከን የተባለውን የማረጃ ጣቢያ ከፈተ። በ1925 ደግሞ ኋላው እንደ ተዳፋት ተከፍቶ ሬሳውን ጎትቶ የሚያስገባ መርከብ መጣ። ከዚያ ወዲያ ወደብ አላስፈለገም፣ ባሕር ላይ ገድለው ባሕር ላይ ይጨርሱታል። በ1930/31 የአደን ወቅት ብቻ ከ29,000 በላይ ሰማያዊ ዓሣ ነባሪ አለቀ። ዘይቱ የት ገባ? ማርጋሪንና ሳሙና ሆነ። በምድር ላይ ከኖረው እንስሳ ሁሉ ትልቁ ዳቦ ላይ ተቀባ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን በጠቅላላው የተገደለው ከሁሉም ዓይነት 2.9 ሚሊዮን ገደማ ነው።

በ1946 ዋሽንግተን ላይ ስምምነት ተፈረመ፣ የዓሣ ነባሪ አደን ኮሚሽን ተቋቋመ። ግን ኮሚሽኑ የአዳኞቹ ማኅበር በሉት። ለደቡቡ ባሕር ኮታ ያወጡበት መንገድ እስከ ዛሬ ይገርመኛል። በነፍስ ወከፍ አልቆጠሩም፣ በዘይት ቆጠሩ። አንድ ሰማያዊ ማለት ሁለት ፊን፣ ወይም ሁለት ተኩል ሃምፕባክ፣ ወይም ስድስት ሴይ ነው ተባለ፣ ሁሉም የዓሣ ነባሪ ዓይነቶች ናቸው። በዓመት 16,000 ሰማያዊ ወይም የዚያን ያህል ዘይት የሚወጣው ሌላ ዓይነት ግደሉ፣ ከየትኛው እንደሆነ አንጠይቅም፣ ኮታው ሲሞላ አደኑ ይዘጋል። ለየሀገሩ ድርሻ አልነበረውም፣ ስለዚህ ሁሉም ቶሎ ቶሎ መግደል ያዘ። አንዱን ዝርያ ለመጨረስ እየተቃረቡ እንኳ ኮታው ገና አልሞላም። አንድ ገበሬ በሬውንም በጉንም ዶሮውንም በቅቤ መጠን እየለወጠ ቢያርድ ጎረቤቶቹ እብድ ነው ይሉታል።

ሶቪየቶቹ ደግሞ ባሱ። በደቡቡ ንፍቀ ክበብ የገደልነው ሃምፕባክ 2,710 ነው ብለው ለኮሚሽኑ አስመዘገቡ። እውነተኛው ከ48,000 በላይ ነበር። እንዴት ተደበቀ ብትሉ፣ መርከቡ ላይ የሚቆጣጠረው የራሳቸው ሰው ነበር። ዝርዝሩ የወጣው ሶቪየት ኅብረት ከፈረሰች በኋላ ነው፣ በ1993 አሌክሴይ ያብሎኮቭ የተባለ ሩሲያዊ ሳይንቲስት ይፋ አደረገው። ለካስ አንዳንድ ባልደረቦቹ እውነተኛውን መዝገብ ለዓመታት ደብቀው አስቀምጠውት ኖሯል።

በ1982 እንግሊዝ ብራይተን ከተማ ላይ ለንግድ ማደን ይቁም ተብሎ 25 ለ7 ተወሰነ፣ አምስት ድምፅ ተአቅቦ። ከ1985/86 ወቅት ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ። ኖርዌይ ተቃውሞዋን ስላስመዘገበች ውሳኔው አያስገድዳትም፣ በ1993 ለንግድ ማደኑን ቀጠለች። የባልደረባሽ እራት በዚህ ቀዳዳ የመጣ ነው። ስለዚህ ያ ሰው ስለ ጥሬ ሥጋ ሲያነሳብሽ፣ "እኛ በሬ ስናርድ ስንት እንደቀረን እናውቃለን" በይው።

ነገረኛው፦

ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ነው። ግን የነገሩን የአያቶችን ጥፋት ነው። የዛሬዋ ኖርዌይ ሶቪየት አይደለችም። ሳይንቲስት ቆጥሮ ነው ኮታ የሚወጣው።

ጋሽ_መምህር፦

ልክ ነህ፣ ሚንኪው ዛሬ አይጠፋም። ይህን አልክድም። የኔ ጥርጣሬ ሌላ ነው፦ ገበያ ካለ ኮታው ይለጠጣል። ሦስት ጊዜ አይተነዋል፣ አራተኛውን ለምን ልመን?

የሳላላ_ሹፌር፦

ሰላም ከኦማን። እኔ በዚህ ነገር አስተያየት እሰጣለሁ ብዬ አስቤም አላውቅ። አሠሪዬ ጀልባ አለው፣ እንግዶቹን ወደብ አድርሼ ስጠብቅ አንድ ቀን "ና ግባ" አለኝና አብሬ ወጣሁ። ከሰዓት ገደማ ከሩቅ ነጭ ነገር ሽቅብ ተነፋ። ጭስ መሰለኝ፣ ጀልባ የተቃጠለ። ከዚያ ጥቁር ጀርባ ወጣ፣ ወጣ፣ ወጣ፣ አያልቅም። ጅራቱ ሲመጣ ሁላችንም ዝም አልን። አጠገቤ የነበረው ህንዳዊ መካኒክ ብቻ በቋንቋው የሆነ ነገር አጉረመረመ፣ ጸሎት ይመስለኛል።

በኋላ ሰው ጠይቄ፣ ኢንተርኔት ጎርጉሬ ነገሩ ገባኝ። እዚህ ያለው ሃምፕባክ ከሌላው ይለያል። ሌላው በክረምትና በበጋ በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ይሰደዳል፣ የኛው ከዓረቢያ ባሕር ንቅንቅ አይልም። ከሌሎቹ ከተለየ ወደ 70,000 ዓመት ይሆነዋል ይላሉ ዘሩን ያጠኑት። የቀረው ኦማን ዙሪያ ከመቶ በታች ነው። አሁን ጋሽ መምህር ካሉት ጋር አገናኙት፦ በኅዳር 1966 የሶቪየት መርከቦች ከኦማን፣ ከፓኪስታንና ከህንድ ጠረፍ 240 ያህል ሃምፕባክ ገድለዋል። በአንድ ወር ውስጥ። ሕጉ ይከለክል ነበር፣ ማንም አላያቸውም። ከዚያ ወዲህ ስልሳ ዓመት ሊሆን ነው፣ ቁጥሩ አላገገመም። አሁን የሚገድለው መረብና መርከብ ነው፣ ግን መረቡ ያገኘው ጦሩ የተረፈውን ነው።

በ1979 ሲሸልስ ጠይቃ የህንድ ውቅያኖስ በሙሉ የዓሣ ነባሪ መጠለያ ተብሏል፣ ቀይ ባሕርም ውስጡ ነው። ለነዚህ ግን 13 ዓመት ዘገየ።

ጎርጎራ፦

የሳላላው ልጅ፣ እንባዬ ነው የመጣው። እኔ ያደግሁት ጣና ዳር ነው። ዓሣ ነባሪን በዓይኔ አላየሁም፣ ዘመዱን ግን አውቀዋለሁ። ጉማሬ ማለቴ ነው። ቀልድ አይደለም፣ ዛሬ በሕይወት ካሉት እንስሳት ለዓሣ ነባሪ የቅርቡ ዘመድ ጉማሬ ነው። የጋራ አያታቸው ከ50 ሚሊዮን ከሚበልጥ ዓመት በፊት የኖረ ባለ ሰኮና እንስሳ ነው። ልጅ ሆነን ማታ ከደንገል መሐል ወጥቶ ሲያናፋ ድምፁ ደረታችን ውስጥ ነበር የሚሰማን።

እና ነገረኛው እንዳይነሳብኝ ራሴ ላንሳው። ጣና ዳር የሚኖሩት ወይጦዎች ከጥንት ጉማሬ አዳኞች ነበሩ፣ በታንኳ ሄደው፣ ሕይወታቸውን አስይዘው። ይህን በመብላታቸው ሌላው ሰው ሲንቃቸው ኖሯል። የንቀታችንን ያህል ደግሞ ቆዳው አለንጋ ሲሆን ገዝተን እንጠቀም ነበር። ስለዚህ አላስካ ያሉት ኢኑፒያት የሚባሉት ነባር ሕዝቦች በዓመት ጥቂት ቦውሄድ የሚባል ዓሣ ነባሪ ገድለው ለመንደሩ ሲያካፍሉ እኔ አፌን አልከፍትም። ኮሚሽኑም ለቀለብ የሚያድኑትን ለይቶ ይፈቅድላቸዋል። እኔ የምቃወመው መድፍ የተጠመደበትን ነጋዴ ነው።

በነገራችን ላይ በ2007 አላስካ ውስጥ አንድ ቦውሄድ ሲያርዱ ሥጋው ውስጥ በ1800ዎቹ መጨረሻ የተሠራ የጦር ስብርባሪ አገኙ። ከመቶ ዓመት በላይ ተሸክሞት ሲዞር ነበር። የኛ ሰው የአድዋ ጦርነት ላይ ሲዘምት ያ ዓሣ ነባሪ ቆስሎ እየዋኘ ነበር ማለት ነው።

ኪዮቶ_ተማሪ፦

የጃፓኑን እኔ ልንገራችሁ፣ እዚህ ሦስተኛ ዓመቴ ነው። አማካሪዬ ሽማግሌ ናቸው፣ ዓሣ ነባሪ ሲነሳ ትምህርት ቤት ምሳ ላይ ይቀርብላቸው የነበረውን ያወራሉ። ከጦርነቱ በኋላ ርሀብ ነበር፣ አሜሪካኖቹ ራሳቸው ናቸው ወደ አንታርክቲክ ሄደው እንዲያድኑ የፈቀዱላቸው። በ1962 ፍጆታው 233,000 ቶን ደርሶ ነበር። አሁን ወደ 2,000 ቶን ወርዷል። የላብ ጓደኞቼ አንዳቸውም በራሳቸው ገንዘብ ገዝተው አያውቁም። በ2023 ዮኮሃማ ላይ እንደ ኮካ ኮላ ማሽን ሳንቲም ከትተህ የዓሣ ነባሪ ሥጋ የምታወጣበት መሸጫ ተከፈተ። ፈላጊ ያለው ዕቃ እንደዚያ አይለመንም ባይ ነኝ።

የሚያናድደኝ "ለጥናት ነው" ያሉት ነገር ነው። ከእገዳው በኋላ ለምርምር እያሉ ገድለው ሥጋውን ገበያ ያወጡ ነበር። አውስትራሊያ ሄግ ፍርድ ቤት ከሰሰቻቸው። መጋቢት 2014 መጨረሻ ላይ 12 ለ4 ተፈረደባቸው። ፍርድ ቤቱ የታዘበው ምን መሰላችሁ፣ ከ2005 ጀምሮ 3,600 ያህል ሚንኪ ተገድሎ በባለሙያ ተገምግሞ የታተመ ተብሎ የቀረበው ሁለት ጽሑፍ ነው። እኔ አንድ ጽሑፍ አላወጣህም ተብዬ ስኮላርሺፔ ሊቋረጥ ነው እዚህ!

በመጨረሻ በ2018 ከኮሚሽኑ እንወጣለን አሉ፣ ከሐምሌ 2019 ጀምሮ በግልጽ ለንግድ ያድናሉ። ደግነቱ አንታርክቲክን ለቀው በራሳቸው ባሕር ብቻ ሆነዋል። ግን በ2024 አዲስ ትልቅ መርከብ አሠርተው ፊንንም ዝርዝሩ ላይ ጨመሩ። ፊን ከሰማያዊው ቀጥሎ በዓለም ሁለተኛው ትልቅ እንስሳ ነው።

ነገረኛው፦

እሺ ሁሉም ይሁን። ባሕር እንኳ የሌለን ሕዝብ ነን። ምን አገባን?

ጋሽ_መምህር፦

ሞንጎሊያ፣ ማሊና ስዊዘርላንድ የኮሚሽኑ አባል ናቸው። የትኛቸው ባሕር አላቸው? ጎረቤታችን ኤርትራም ከ2007 ጀምሮ አለችበት። አንድ አገር አንድ ድምፅ ስለሆነ ትንንሾቹ አገሮች ይፈለጋሉ። በ2006 ሴንት ኪትስ ላይ እገዳው ከእንግዲህ አያስፈልግም የሚል መግለጫ 33 ለ32 አልፏል፣ እገዳውን ለማንሳት ግን ሦስት አራተኛ ድምፅ ስለሚያስፈልግ ለውጥ አላመጣም። ጃፓን በዕርዳታ ድምፅ ትገዛለች የሚባለው ሐሜት ብቻ አይመስለኝም፤ በ2001 አንድ የጃፓን የዓሣ ሀብት ባለሥልጣን ለአውስትራሊያ ጋዜጠኛ ዕርዳታው መሣሪያ እንደሆነ ሳይደብቅ ተናግሯል። እዚያው ላይ ነው ሚንኪን "የባሕር በረሮ" ያለው።

ሐኪም_ነኝ፦

ስለ ቁጥርና ፖለቲካ ብዙ ተባለ፣ እኔ ስለ አሟሟቱ አንድ ነገር ልጨምር፤ ለእህታችን ባልደረባ የሚመለሰው በዚህ ይመስለኛል። በሬ ሲታረድ እግሩ ታስሮ፣ ተባርኮ፣ ሹል ቢላ አንድ ቦታ ያርፋል። ዓሣ ነባሪ ላይ የሚተኮሰው ከሚወዛወዝ መርከብ፣ ውኃ ውስጥ ብቅ ጥልቅ በሚል ዒላማ ላይ ነው። አይስላንድ ውስጥ የምግብና የእንስሳት ጤና ባለሥልጣኑ የ2022ን አደን ተከታትሎ ወዲያው የሞቱት 59 ከመቶ ብቻ ናቸው አለ። የቀሩት ግማሽ ያህሉ ከ11 ደቂቃ ተኩል በላይ ታግለዋል። አንዱን ጦሩ ጀርባው ላይ ተሰክቶ አምስት ሰዓት አሳድደው አጥተውታል። ሚኒስትሯ በሰኔ 2023 አደኑን ለወራት ያስቆሙት በዚህ ነው።

ኖርዌይ የተሻለች ናት፣ ሐቁን ልናገር። እዚያ በተደረገ ጥናት 82 ከመቶው ወዲያው ይሞታል። ከአምስቱ አንዱ ግን አይሞትም፣ ስድስት ደቂቃ ሊቆይ ይችላል። እኔ ሰው ሲያጣጥር ስድስት ደቂቃ ምን ያህል እንደሚረዝም አውቃለሁ።

ነገረኛው፦

ይሄኛው ነካኝ። ቄራ ቢሆን ይዘጋ ነበር።

ጎርጎራ፦

ነገረኛው ተሸነፈ፣ ስክሪንሾት አንሱ!

ነገረኛው፦

አልተሸነፍኩም፣ ነካኝ ነው ያልኩት።

ጋሽ_መምህር፦

ደስ የሚል ነገርም ልጨምር፣ ሁሉ ሐዘን እንዳይሆን። በደቡብ ምዕራብ አትላንቲክ፣ ብራዚል ጠረፍ የሚወልደው ሃምፕባክ ወደ 450 ወርዶ ነበር። በ2019 የታተመ ጥናት 25,000 ገደማ ደርሷል ይላል፣ ከአደኑ በፊት ወደነበረበት ተቃርቧል። መድኃኒት አልተሰጠው፣ አጥር አልታጠረለት። መግደል ብቻ ነው የቆመው። የአንታርክቲኩ ሰማያዊ ግን ከ200,000 በላይ ከነበረው ወደ መቶዎች ወርዶ ስለነበር ገና ብዙ ይቀረዋል።

ቤርገን_ዝናብ፦

እሑድ ማታ ነው፣ ቃል በገባሁት መሠረት ሪፖርት።

ሐሙስ ዕለት ቆርጬ ነገርኳት። የወለተ ኪዳንን ምክር ይዤ "ሃይማኖቴ አይፈቅድም" ልል ነበር፣ አፌ ላይ ግን ውሸት ውሸት አለኝ። "መብላት አልፈልግም፣ አደኑንም አልወደውም፣ አንቺን ግን እወድሻለሁ" አልኳት፣ በተሰባበረ ኖርዌይኛ። ሳቀች። "እኔም ብዙ አልወደውም፣ ለእንግዳ ብዬ ነው" አለችኝ። ለካ ሁለታችንም በይሉኝታ ልንበላው ነበር!

ኮድ ዓሣ በድንችና በቅቤ ሠራች። ከእራት በኋላ ከመደርደሪያ ላይ አንድ ነገር አንስታ እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ። የዓሣ ነባሪ ጥርስ ነው፣ የመዳፌን ያህል፣ ቢጫ፣ ይከብዳል። አያቷ ወጣት ሆነው ሁለት ወቅት ደቡብ ጆርጂያ ሠርተዋል። ስለዚያ ብዙ አያወሩም ነበር አለች። ሽታውን ብቻ ያነሡ ነበር፣ ልብስ ቢታጠብም አይለቅም እያሉ። ከተመለሱ በኋላ እስኪሞቱ ድረስ ማርጋሪን ቤታቸው አስገብተው አያውቁም። ጋሽ መምህር፣ ይህን ስሰማ እርስዎን አስታወስኩ። ጥርሱን ወዲያው መለስኩላት፣ እጄ ላይ ሊቆይ አልቻለም።

ነገረኛው፦

ቆይ ቆይ፣ ኮዱስ ነፍስ የለውም?

ቤርገን_ዝናብ፦

ቅርፊት አለው፣ ሃሃሃ።